ከአባዳን እስከ አዳማ

ለአዳማ ነዋሪ ቦቴ ብርቁ አይደለም። ከጅቡቲ ተነስተው በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽና በመተሐራ አድርገው፣ ወለንጪቲን አልፈው የሚመጡት ነዳጅ ጫኝ መኪኖች ሌት ከቀን በከተማዋ ያልፋሉ። ሹፌርና ረዳት ቁርስ ሲበሉ የሚያነሱት ወሬ የሚሌ ሙቀት፣ የጎማ ዋጋ፣ የጅቡቲ ወረፋ ነው። የጫኑት ናፍጣ ግን ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት ሌላ መንገድ ተጉዟል። አብዛኛውን ጊዜ ከኩዌት ወይም ከሌላ የባሕረ ሰላጤው ወደብ ይነሳል፣ በኢራን ደጃፍ በሆርሙዝ ሰርጥ ይሾልካል፣ ከዚያ የየመንን ዳርቻ ይዞ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይመጣል።

የኢራንን ታሪክ የምንሰማው በቁርጥራጭ ነው። አንድ ዘመን ሻሁ ወደቁ ተባለ፤ ሌላ ጊዜ ኑክሌር፤ ቀጥሎ ድሮን፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ የሚሳይል ውርወራ። ሲነገረን ሁሉ የሩቅ ሰዎች ጠብ ይመስላል። ነገሩን ከመነሻው ተከትሎ ለሚያየው ግን የቴህራን ፖለቲካ እያንዳንዱ ትልቅ መታጠፊያ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በሚያልፈው በዚህ መንገድ ወደ እኛ ዘልቋል። መጀመሪያ የመጣው በዋጋ፣ ቀጥሎ በጦር መሣሪያ፣ በመጨረሻም ባሕር ተሻግረው በቀሩ ልጆቻችን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከ1933 እስከ 1946፦ አንድ ጦር፣ ሁለት አገር

በ1933 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ፣ ከመተማ ማዶ ጋላባት ላይ አንድ የእንግሊዝ ብርጋዴር ከጣልያን ጋር ይዋጋ ነበር። ስሙ ዊልያም ስሊም ይባላል። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በነሐሴ ወር፣ ይኸው ሰው የሕንድ ወታደሮችን እየመራ ኢራን ገባ። ኢትዮጵያ ውስጥ የእንግሊዝ ጦር የመጣው አገሬውን ከወራሪ ለማላቀቅ ከአርበኞች ጎን ሆኖ ነበር። ኢራን ውስጥ ግን ወራሪው ራሱ ሆነ። እንግሊዝ ከደቡብ፣ ሶቪየት ከሰሜን ገብተው ገለልተኛ ነኝ ያለችውን አገር በቀናት ውስጥ ያዙ። ምክንያቱ አንድም የአባዳን ነዳጅ ነበር፣ አንድም ለሶቪየት ስንቅና መሣሪያ ማሻገሪያ መንገድ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ በገቡ በአራት ወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ፣ መስከረም 6 ቀን 1934 ዓ.ም፣ ረዛ ሻህ ዙፋናቸውን ለሃያ አንድ ዓመት ልጃቸው ለሞሐመድ ረዛ ለቀው ተሰደዱ።

ሁለቱም መንግሥታት ከዚያ በኋላ የያዙት መላ አንድ ነው፦ እንግሊዝን ለመገፍተር አሜሪካን መጥራት። ለኢትዮጵያ መላው ለጊዜው ሠራ። ለኢራን ግን ሌላ ጣጣ አመጣ።

የኢራን ነዳጅ ከተገኘበት ዘመን ጀምሮ በእንግሊዙ ኩባንያ እጅ ነበር። አባዳን ላይ የተሠራው ማጣሪያ በዓለም ትልቁ ሆኖ ሳለ፣ የኢራን መንግሥት የሚደርሰው እንግሊዝ ከኩባንያው በግብር ከምትሰበስበው ያነሰ ነበር። በመጋቢት 1943 የኢራን ፓርላማ ነዳጁን ወረሰው፤ በሚቀጥለው ወር የዚህ ትግል መሪ ሞሐመድ ሞሳዴቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እንግሊዝ መርከብ አስቆመች፣ ገዢ ከለከለች፣ አባዳን ጭሷ ጠፋ። ሞሳዴቅ ግን አልተንበረከኩም። በመጨረሻ ነሐሴ 13 ቀን 1945 ዓ.ም የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች ባቀነባበሩት መፈንቅለ መንግሥት ወደቁ። ሮም ሸሽተው የነበሩት ወጣቱ ሻህ ተመልሰው በሙሉ ሥልጣን ተቀመጡ።

በዚያው በ1945 ዓ.ም፣ ግንቦት 14 ቀን፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የአሥመራውን የቃኘው ጣቢያና የወታደራዊ እርዳታ ውሎችን ተፈራርመዋል። ዋሽንግተን ቀይ ባሕርንና የሶቪየትን ደቡባዊ ጠርዝ የምታዳምጥባቸውን ጆሮዎች እየተከለች ነበር፤ አንዱ አሥመራ፣ ሌሎቹ ከጊዜ በኋላ በሰሜን ኢራን ተተከሉ። ኢትዮጵያ በምላሹ ካገኘችው አንዱ ደብረ ዘይት ላይ በሐረር ሜዳ የሰፈረው ዘመናዊ አየር ኃይል ነው። ይህ የጦር ሰፈር በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል።

የሞሳዴቅ ትግል በአካባቢያችን ያስቀረው ሌላም ነገር አለ። እንግሊዞች አባዳንን ሲያጡ ሌላ ማጣሪያ በፍጥነት መሥራት ግድ ሆነባቸው። የመረጡት ቦታ ኤደን ነው፤ በ1946 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። የባሕረ ሰላጤው ድፍድፍ ከእኛ ባሕር ማዶ መጣራት የጀመረው እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት በያኔዋ ናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ አጠገብ ወንጂ ላይ ሆላንዶች የተከሉት ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ባቡር ጣቢያዋን ይዛ የቆየችው ትንሽ ከተማ የጭነት መኪና፣ የጋራዥና የማደያ ከተማ መሆን ጀመረች። ከዓመታት በኋላ፣ በ1959 ዓ.ም፣ ሶቪየቶች የሠሩት የአሰብ ማጣሪያ ሲመረቅ ደግሞ የአሰብ መኪኖች መናኸሪያ ሆና አረፈችው።

1964፦ ድግስ በፐርሴፖሊስ

ጥቅምት 1 ቀን 1964 ዓ.ም ሻህ ሞሐመድ ረዛ ፓህላቪ በቂሮስ መቃብር ፊት ቆመው የፋርስን ዘውድ 2,500ኛ ዓመት አከበሩ። በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ ሥር፣ በበረሃው ላይ፣ የሐር ድንኳን ከተማ ተተከለ። ምግቡን ያቀረበው የፓሪሱ ማክሲም ምግብ ቤት ነበር። ከስልሳ ከሚበልጡ አገሮች ነገሥታት፣ ፕሬዚዳንቶችና መልእክተኞች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው በዕድሜና በዙፋን ዘመን ርዝመት እጅግ ከተከበሩት አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ሁለቱ ነገሥታት በዘር ሐረግ፣ በሃይማኖትም የሚዛመዱ አይደሉም። የሚያመሳስላቸው የአገዛዛቸው አሠራር ነው። አንዱ ከቂሮስ፣ ሌላው ከሰሎሞን የሚቆጥር ጥንታዊ ዘውድ፤ አሜሪካ ያስታጠቀው ሠራዊት፤ ዩኒቨርሲቲ የሚከፍትና የዩኒቨርሲቲውን ልጆች የሚፈራ መንግሥት። የመሬት ጉዳይ ግን ለያቸው። ሻሁ ነጭ አብዮት ባሉት ፕሮግራም መሬት ማከፋፈል ሞክረዋል። እኛ ዘንድ የመሬት ይዞታ ሕጉ በፓርላማ ሲጓተት ኖሮ ሳይጸድቅ ቀረ። በአርሲ ጪላሎ ትራክተር ሲገባ ጭሰኛው ይነቀል ጀመር። ሁለቱም ዘውዶች ከስምንት ዓመት በላይ ዕድሜ አልነበራቸውም፤ በፐርሴፖሊስ ከተሰበሰቡት መካከል ይህን የጠረጠረ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በኋላ ስለ ንጉሠ ነገሥቱም ስለ ሻሁም ለየብቻ መጽሐፍ ጽፏል። ስለ እኛ የጻፈውን ብዙ ኢትዮጵያውያን አይቀበሉትም፣ በቂ ምክንያትም አላቸው። ሁለቱን ውድቀቶች ጎን ለጎን ማየቱ ግን ትክክል ነበር።

1966፦ ከቴህራን የወጣ ዋጋ

በመስከረም 1966 ዓ.ም መጨረሻ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሳ፤ በጥቅምት የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ለአሜሪካና ለአንዳንድ አጋሮቿ ነዳጅ አንሸጥም አሉ። ኢራን ዓረብ አይደለችምና በማዕቀቡ አልገባችም፤ ነዳጇን መሸጥ ቀጠለች። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው የዚያን ዓመት የነዳጅ ቀውስ የዓረቦች ሥራ ብቻ አድርጎ ያስታውሰዋል። ዋናውን ዋጋ የሰቀለው ስብሰባ የተካሄደው ግን ቴህራን ነው፤ የገፋፉትም ሻሁ ናቸው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1966 ዓ.ም የባሕረ ሰላጤው አምራቾች የበርሜሉን ዋጋ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም አደረሱት። ከሦስት ወር በፊት 3 ዶላር ገደማ ነበር። ሻሁ ጋዜጠኞችን ሰብስበው የርካሽ ነዳጅ ዘመን አበቃ፣ ምዕራባውያን ቀበቷችሁን አጥብቁ አሉ።

ምዕራባውያን አጠበቁ። ድሃው አገር ግን የሚያጠብቀው ቀበቶ አልነበረውም። ኢትዮጵያ በዚያ ክረምትና በጋ ወሎ ውስጥ በረሃብ ሰው እየረገፈባት ነበር። የወታደሩ ደመወዝ ከኑሮው ጋር አልገጠመም። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር በውሃና በምግብ ችግር አምጾ መኮንኖቹን አሰረ። በየካቲት መጀመሪያ ደብረ ዘይት ያለው የአየር ኃይል የበታች ሹማምንትና አየር ወለድ ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደ፤ ሐረር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ታሪክ ብቅ ያለው በዚህ ነው። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል የጨመረው ልክ በዚያ ሰሞን ነበር።

የአዲስ አበባ ታክሲዎች ያኔ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ትንንሽ ሴይቼንቶ ፊያቶች ናቸው። ባለታክሲው ቤንዚኑን በአዲሱ ዋጋ ይቀዳል፣ ታሪፉን ግን መጨመር አይፈቀድለትም፤ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባውን ገቢ ከከፈለ በኋላ እጁ ላይ የሚቀረው ከምሳው አያልፍም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም ታክሲዎች ቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ተማሪው ወጣ፣ አውቶቡስ ተደበደበ፣ ከተማው ተናወጠ። ከአምስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በራዲዮ የቤንዚኑ ዋጋ ቀነስ እንደሚል፣ ሪቪውም እንደሚዘገይ አስታወቁ። ይህ መንግሥቱ ሲገፋ የሚሸሽ መሆኑን ለሁሉም አሳየ። የአሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተከተለ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ዘውዱን የጣለው የቤንዚን ዋጋ ነው አልልም። መሬት ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ የብሔረሰቦች ጥያቄ ነበር፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የተማሪዎች ትግል ነበር። ግን እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው ሲብላሉ ኖረዋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አደባባይ ላይ ያገናኛቸው ከተሜውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የነካ ነገር ነው። ያ ነገር ደግሞ ቴህራን ላይ ተወስኖ የመጣ ነበር። በፐርሴፖሊሱ ድግስ ጋባዥ የነበሩት ንጉሥ የተጋባዡን መንግሥት መሠረት ሳያስቡት አናጉት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ ሻሁ በነዳጅ ገንዘብ የሰከረ አገር እየመሩ ነበር።

ከ1969 እስከ 1971፦ ሻሁ በዚያድ ባሬ ወገን

ገንዘቡ የጦር መሣሪያ ሆነ። ሻሁ ከአሜሪካ የፈለጉትን ያህል እየገዙ የባሕረ ሰላጤው ዘበኛ ነኝ አሉ። በ1969 ዓ.ም መባቻ ፈረንሳይ፣ ሳውዲ ዓረቢያ፣ ግብፅ፣ ሞሮኮና ኢራን «ሳፋሪ ክለብ» በተባለ ስውር ማኅበር ተሰባስበው አፍሪካ ውስጥ ሶቪየትን ለመመከት ተስማሙ። በኃይለ ሥላሴ ቦታ የተተካው ደርግ ወደ ሞስኮ ሲያዘነብል፣ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ደግሞ ከሞስኮ ሲርቁ፣ ክለቡ ሶማሊያን መደገፍ ያዘ። ዚያድ ባሬ ከአሜሪካ በቀጥታ ያጡትን መሣሪያ ከእነዚህ መንግሥታት መፈለግ ጀመሩ።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ኦጋዴን ገባ። ጎዴ በዚያው ወር ወደቀች፤ ጅጅጋ በመስከረም። እግረኛው ሲያፈገፍግ ሰማዩን የያዙት ከደብረ ዘይት የሚነሱት አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፣ አሜሪካም መለዋወጫ አቁማለች። የኢትዮጵያ አብራሪዎች ግን የሶማሊያን ሚጎች እየመቱ አወረዱ። ከእነሱ መካከል ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው ከአሥር ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቀዋል። የሻሁ አየር ኃይል ያኔ ከመቶ በላይ ተመሳሳይ ኤፍ-5 ነበረው።

በኩባና በሶቪየት እርዳታ ኢትዮጵያ መልሳ ማጥቃት ስትዘጋጅ ዚያድ ባሬ ቴህራን ሄዱ። ሻሁ ኢትዮጵያ ድንበር ተሻግራ ሶማሊያ ከገባች ኢራን እጇን አጣጥፋ እንደማትመለከት በይፋ አስጠነቀቁ። ማስጠንቀቂያው ኢትዮጵያ ከድንበሯ እንዳታልፍ ከገፉት ነገሮች አንዱ ነው፤ አሜሪካም ከደርግ ተመሳሳይ ማረጋገጫ ስትፈልግ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ካራማራ ላይ ድል ተገኘ፣ ጅጅጋ ነጻ ወጣች፣ ጦሩም ድንበር ላይ ቆመ።

ከዓመት በኋላ የሚያስጠነቅቁ ሻህ አልነበሩም። የኢራን ነዳጅ ሠራተኞች ሥራ አቁመው የዘውዱን ደም ሥር ዘጉት። ጥር 8 ቀን 1971 ዓ.ም ሻሁ ከአገር ወጡ፤ የካቲት 4 አብዮቱ አሸነፈ። አሜሪካ የሰሜን ኢራን ማዳመጫዎቿን አጣች። ቃኘው ቀድሞ ተዘግቷል። ከ1945 ጀምሮ የተተከሉት ጆሮዎች ሁሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ተነቀሉ።

ከ1972 እስከ 1983፦ ሰልፍና ኩፖን

የኢራን አብዮት ለእኛ እንደገና በዋጋ መጣ። በርሜሉ ከ13 ዶላር ገደማ ተነስቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 34 ወጣ። በዚያው ጊዜ የቡና ዋጋ ከ1969ኙ ከፍታው እየወረደ ነበር። አንድ ቦቴ ናፍጣ ለመግዛት የሚሸጠው ቡና በየዓመቱ በዛ፤ ደርግ ደግሞ በሰሜን ለሚያካሂደው ጦርነት ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ለሕዝብ የቀረው በኩፖን የሚታደል ቤንዚንና የማደያ ሰልፍ ነው። የዚያ ዘመን ሹፌር ጀሪካን ከመኪናው አይለይም ነበር።

መስከረም 12 ቀን 1973 ዓ.ም ኢራቅ ኢራንን ወረረች። ስምንት ዓመት የፈጀው ጦርነት ብዙ መቶ ሺህ ሰው በልቶ በ1980 ዓ.ም ነሐሴ ሲያበቃ ድንበሩ የነበረበት ቦታ ነው የቀረው። የአባዳን ማጣሪያም በጦርነቱ መጀመሪያ በመድፍ ጋየ። ለአዲስ አበባ ኢራቅ ወዳጅ አልነበረችም፤ ባግዳድ ለኤርትራው ጀብሃ ድጋፍ ስትሰጥ ኖራለች። ደርግ በ1973 ዓ.ም መጨረሻ የሦስትዮሽ ውል የተዋዋላቸው ሊቢያና ደቡብ የመንም ከባግዳድ ይልቅ ወደ ቴህራን ያደሉ ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱ አብዮቶች የሚዋደዱ አይደሉም። አንዱ ማርክስን፣ ሌላው ኢማሙን ይጠራል። በዚህ ዘመን በሁለቱ መካከል ትልቅ ነገር አልተሠራም።

ከ1983 እስከ 2012፦ አሰብ በሌላ እጅ

ኤርትራ ከተለየች በኋላ የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም ተዘጋ፤ በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ጭር አለ። ቦቴዎቹ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። አዳማ ግን አሁንም በመንገዱ ላይ ናት፤ ወደቡ ቢቀየርም መኪናው በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው።

በ2000 ዓ.ም ግንቦት ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ቴህራንን ጎበኙ፤ ኢራን በቀይ ባሕር ዳርቻ እግር እንዳገኘች ብዙ ተጻፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጨዋታው ተገለበጠ። የመን ውስጥ ኢራን የምትደግፋቸው ሑቲዎች መስከረም 2007 ዓ.ም ሰንዓን ያዙ። ሳውዲና ኤምሬቶች በዚያው ዓመት መጋቢት ጦርነት ከፈቱባቸው። ኤምሬቶች አሰብ ላይ የጦር ሰፈር ሠሩ። ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት ለኢትዮጵያ ቤንዚን እንዲያጣራ ማጣሪያ የተመረቀበት ወደብ ከኢራን ወዳጆች ጋር ለሚደረግ ጦርነት የአውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። በ2010 ዓ.ም የኢትዮጵያና የኤርትራ እርቅ ሲወርድ አቡዳቢና ሪያድ መሃል የተገኙት ከዚህ የተነሳ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌና ከወሎ የሚነሱ ወጣቶች በአፋር በረሃ ወደ ኦቦክ፣ ወይም በሶማሌ ወደ ቦሳሶ እየሄዱ በጀልባ ወደ የመን ይሻገሩ ነበር። ዓላማቸው ሳውዲ ነው። የሄዱት ግን ሳውዲና የኢራን ወዳጆች ወደሚዋጉበት መሬት ነበር። ደላላው ስለ ሥራ እንጂ ስለዚህ አይነግራቸውም።

ከ2013 እስከ 2015፦ ሰመራ፣ ሚሌ፣ ሐረር ሜዳ

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ በነሐሴ፣ ሰመራ አየር ማረፊያ ላይ የተነሱ ፎቶዎችን የመረመሩ ባለሙያዎች በኢራን የተሠራው ሞሃጀር-6 የተባለ ድሮን መኖሩን ዘገቡ። የኢትዮጵያ መንግሥት አላረጋገጠም። ጥቅምት 19 ቀን 2014 ዓ.ም ግን የአሜሪካ ግምጃ ቤት በኢራን አብዮታዊ ዘብ የድሮን መረብ ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ እነዚህ ገዳይ ድሮኖች ኢትዮጵያ ውስጥም መታየታቸውን በመግለጫው አሰፈረ።

ሰዓቱ አስጨናቂ ነበር። የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘው ወደ ደቡብ እየወረዱ፣ በአፋር በኩል ደግሞ ወደ ሚሌ እየገፉ ነበር። ሚሌ ከተያዘች የጅቡቲ መንገድ ይቆረጣል። የአዳማ ማደያ፣ የአዲስ አበባ ዳቦ ቤት፣ የአርሲ ገበሬ ማዳበሪያ ሁሉ በዚያች ትንሽ የበረሃ ከተማ ላይ ተንጠለጠለ። በአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በኅዳር ጠቅላይ ሚኒስትሩ አፋር ግንባር ሄዱ፣ ውጊያው ተገለበጠ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ ቀረ። ለዚህ ድሮኖች ከፍተኛ ድርሻ እንደነበራቸው ሁለቱም ወገን አይክድም። ከሁሉ በላይ የተነገረላቸው የቱርክና በኤምሬቶች በኩል መጡ የተባሉት የቻይና ድሮኖች ናቸው። በሐረር ሜዳም የተለያየ አገር ድሮኖች በሳተላይት ምስል ታይተዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። የመን ውስጥ በተቃራኒ ወገን የቆሙት ኢራንና ኤምሬቶች፣ ዘገባዎቹ እውነት ከሆኑ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድን መንግሥት አስታጥቀው ተገኙ። አንዳቸውም ከትግራይ ጋር ጠብ አልነበራቸውም፤ ለአማራ ወይም ለአፋር የተለየ ፍቅርም አላሳዩም። መሣሪያቸው የሚፈተንበትና እግራቸው የሚተከልበት ቦታ ይፈልጉ ነበር፤ እኛ ደግሞ ወንድም ከወንድም ጋር እየተዋጋን በሩን ከፈትን። ከሰማይ የወረደው እሳት በሰፈር፣ በገበያና በተፈናቃይ መጠለያ ላይ ያረፈባቸው ሰዎች የሞቱት የማን ሥሪት እንደሆነ ሳያውቁ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም የጦርነቱ ሙታን ቁጥር በመቶ ሺዎች ይገመት ነበር።

በዚሁ ዘመን የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም ሰንዓ ውስጥ ሑቲዎች ባሰሯቸው ስደተኞች መካከል ተቃውሞ ተነሳ። ጠባቂዎቹ ወደ አዳራሹ ውስጥ ተተኳሽ ወረወሩ፤ እሳት ተነሳ፤ በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ ኦሮሞ ወጣቶች፣ ተቃጥለው ሞቱ።

ከ2016 እስከ 2018፦ የአንድ ማኅበር አባላት

ነሐሴ 18 ቀን 2015 ዓ.ም ጆሃንስበርግ ላይ ብሪክስ የተባለው የአገሮች ማኅበር ኢትዮጵያንና ኢራንን በአንድ ቀን ጋበዘ፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ሁለቱም አባል ሆኑ። ኤምሬቶችና ግብፅም አብረው ገቡ። ቃኘውና ቴህራን በአንድ የአሜሪካ ካርታ ላይ ከሰፈሩ ሰባ ዓመት በኋላ፣ ሁለቱ አገሮች አሜሪካ በሌለችበት ጠረጴዛ ተቀመጡ። እስካሁን ግን ይህ አባልነት ለአዳማ ሹፌር አንድ ሊትር ናፍጣ አላረከሰም።

የመጣው ተቃራኒው ነው። የጋዛ ጦርነት ሲነሳ ሑቲዎች ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም አንድ መርከብ ማርከው ቀይ ባሕርን የጦር ቀጠና አደረጉት። በኤደን ባሕረ ሰላጤም መርከብ መቱ፣ መርከበኛ ገደሉ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ጭነት ኢንሹራንስ ናረ። በዚያ ላይ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮም የብሩ ምንዛሪ በገበያ እየተወሰነ ነበር። የዶላሩም የነዳጁም ጭማሪ አንድ ላይ አረፈ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ባጃጆች ሌሊቱን ማደያ ደጃፍ ማደር፣ ቤንዚን በሃይላንድ መሸጥ የተለመደ ሆነ።

አሜሪካ በሑቲዎች ላይ ባካሄደችው ዘመቻ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም ሰዓዳ ላይ አንድ የስደተኞች ማቆያ በአየር ተመታ። 68 አፍሪካውያን ስደተኞች መሞታቸው ተነገረ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ባለፉት ሰባ ዓመታት ከኢራን ጋር በተያያዘ ጉዳይ የሞቱ የእኛ ሰዎች ሲቆጠሩ እነዚህ ወጣቶች ከፊት ሊቀመጡ ይገባል። ዜናው በአገራችን ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሰኔ 6 ቀን እስራኤል ኢራንን መታች። በመጀመሪያው ሌሊት ከተገደሉት አንዱ የአብዮታዊ ዘብን የሚሳይልና የድሮን ኃይል የሚመሩት አሚር አሊ ሐጂዛዴህ ነበሩ። ሰኔ 15 አሜሪካ በፎርዶ፣ በናታንዝና በኢስፋሃን ያሉትን የኑክሌር ተቋማት ደበደበች። በዚያ ቀን የኢራን ፓርላማ የሆርሙዝ ሰርጥ ይዘጋ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ያኔ በዚህ ሰርጥ በቀን ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል፣ ማለትም ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛ ያህል ነዳጅ ያልፍ ነበር፤ የዩሪያ ማዳበሪያም ትልቅ ድርሻ እንዲሁ። በአርሲና በባሌ የመኸር እርሻ ዝግጅት የሚጧጧፍበት ሰሞን ነበር። ሰኔ 17 ተኩስ ቆመ፣ ሰርጡ አልተዘጋም። መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የቀድሞ ማዕቀቦች በኢራን ላይ ተመልሰው ጸኑ።

አዲስ አበባ ከዚህ ሁሉ ያወጣችው ውጤት በተግባር ይታያል። በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። በነሐሴ 2017 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ውል ተፈረመ። መስከረም 2018 ላይ ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያ ግንባታ ተጀመረ። ሁለቱም የሚሠሩት ዚያድ ባሬ በሐምሌ 1969 ዓ.ም በያዟት በጎዴ ነው። እነሱ ተሠርተው እስኪያልቁ ድረስ ቦቴው ከጅቡቲ መምጣቱን፣ የጫነውም ናፍጣ በብዛት በሆርሙዝ ማለፉን ይቀጥላል።